ቀለሙ በመጨረሻ ይመረጥ፦ ስለ ዋንዛ በር፣ ስለ ወለልና ስለ ግድግዳ

ጎንደር ውስጥ ቤቱን የሚያድስ ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከቀለም መሸጫ ነው። ባለሱቁ የዘረጋለትን የቀለም ካርድ እያገላበጠ ዓይኑን የሳበውን ይመርጣል፤ ቀቢ ጠርቶ ግድግዳውን ያስቀባል፤ ስለ ወለሉ ማሰብ የሚጀምረው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ሲሆን፣ ቡፌውንና ቁም ሳጥኑን ግን ምንም ሳያስብባቸው ወደ ነበሩበት ቦታ ይመልሳቸዋል። ከዚያም ሳሎኑ ውስጥ አንድ የማይጥም ነገር እንዳለ ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ ግን ለይቶ መናገር ያቅተዋል። እኔ ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው ባይ ነኝ። ቀለም በቤት ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ በአነስተኛ ወጪ የሚለወጥና እንደ ፈቃዳችን የሚበጠበጥ በመሆኑ በመጨረሻ ሊወሰን ይገባዋል። እንጨት ግን የራሱን ቀለም ይዞ የመጣ ስለሆነ ምርጫው ከእሱ መጀመር አለበት፤ ወለሉም እንጨቱን ይከተላል፤ ግድግዳው ሁለቱን አይቶ ይቀባል።

በከተማችን ባሉ ነባር ቤቶች ውስጥ ይህ እንጨት በአብዛኛው ዋንዛ ነው። በሩ፣ የመስኮቱ መዝጊያ፣ ቡፌው፣ ሣጥኑ፣ አንዳንድ ጊዜም አልጋው ሳይቀር ከዋንዛ የተሠራ ይሆናል። ዋንዛ ለአናጢ እጅ የሚገራ፣ ሲደርቅ እምብዛም የማይጣመም፣ ምስጥም ቶሎ የማይደፍረው እንጨት በመሆኑ አባቶቻችን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ የከለከለ ሲሆን፣ ዛሬ ሰፊና ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ከወላጆቹ የተላለፈ የዋንዛ በር ያለው ሰው ገበያ ወጥቶ በቀላሉ የማይተካውን ነገር ይዟል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን በር የቀለም ካርድ ላይ ለተገኘ አንድ ግራጫ ሲባል በዘይት ቀለም መድፈን ለእኔ የማይገባኝ ነገር ነው።

እንጨትን ከሌላው ጋር ለማስማማት መጀመሪያ እውነተኛ ቀለሙን ማወቅ ያስፈልጋል። ዋንዛ አዲስ ሲሰነጠቅ ፈዘዝ ያለ፣ ሮዝነት የተቀላቀለበት ቡናማ ነው፤ ዓመታት ሲያልፉና ብርሃን ሲያገኘው ወደ ጠቆረ ቡናማ ይሄዳል። ጽድ ገና ሲጠረብ ቢጫማ ቢመስልም ውሎ ሲያድር ወደ ቀይ ቡናማ ያደላል። ዝግባ ፈዛዛ ቢጫ ሲሆን የውስጡና የዳሩ ቀለም እምብዛም አይለያይም። የፈረንጅ ጽድ ነጣ ያለ ቢጫማ ቡናማ ነው። ግራቪሊያ ቀላ ብሎ በላዩ ላይ እንደ አሰነጣጠቁ የሚያብለጨልጩ ነቁጦች ያሳያል። ወይራ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል፣ ከሁሉም ይጠቁራል፣ በመካከሉም ጥቁር ጅማት ይሮጥበታል። ለቤት ማስማማት ሥራ ይህ ሁሉ ወደ ሁለት ወገን ሊጠቃለል ይችላል፤ ቀይ ያለበትና ቢጫ ያለበት። አመድማ የሆነ እንጨት ግን፣ ዝናብና ፀሐይ የበላው የውጭ አጥር ካልሆነ በቀር፣ ከነባር የቤት ዕቃዎቻችን መካከል አይገኝም። ይህን አጥብቄ የምናገረው አሁን ከውጭ የሚመጣው የላሚኔት (የእንጨት መልክ የታተመበት የፋብሪካ ንጣፍ) ወለልና የችፑድ ቁም ሳጥን ብዙው አመድማ ስለሆነ ነው።

የአሮጌ በር ቀለም ከላይ በማየት አይታወቅም፤ በየዓመቱ የተደራረበው ቫርኒሽ፣ የከሰልና የዕጣን ጭስ፣ የእጅ ወዝም ተጨምሮ ሁሉንም እንጨት አንድ ዓይነት ጥቁር ቡናማ ያደርገዋል። የተሻለው ዘዴ የበሩን ማጠፊያ ፈትቶ ከብረቱ ሥር ያለውን ማየት ነው። የእኛን የእልፍኝ በር ማጠፊያ ሲያነሡት የማጠፊያው ቅርጽ ልክ እንደ ማኅተም ታትሞ ቀርቷል፤ በውስጡ ያለው እንጨት ፈዛዛ፣ ሮዝ ያለበት ቡናማ ሲሆን፣ ከዳሩ አንድ ጣት ፈቀቅ ሲባል ያለው ግን የተቃጠለ ቡና ወደ መሆን ተቃርቦ ነበር። የብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ዝገቱ ሰማያዊ ጥቁር ክብ ሠርቷል። ከበሩ በስተ ጀርባ አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ በእርጥብ ጨርቅ ሲታበስ የሚወጣው ቀለም፣ ያው እንጨት ቀለም የለሽ ቫርኒሽ ሲቀባ ከሚኖረው መልክ ጋር በጣም ይቀራረባል። የቀለም ካርድ ከዚህ እርጥብ መዳፍ ጎን ካልተያዘ ምርጫው የሚደረገው በእንጨቱ ሳይሆን በቆሻሻው ላይ ነው።

ስለ ቫርኒሽ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛው፣ በዘይት የሚበጠበጠው ቫርኒሽ ራሱ ቢጫነት አለው፤ ዕድሜው በገፋ ቁጥርም ይበልጥ ይቢጫል፤ ለዋንዛ ይህ ሙቀት የሚጨምር ሲሆን ለዝግባ ግን ከልክ ያለፈ ይሆናል፤ በውኃ የሚበጠበጠው ቫርኒሽ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ሁለተኛው፣ አብዛኛው የእንጨት ሥራ ቤት ቀላ ያለ ማቅለሚያ ከቫርኒሹ ጋር ቀላቅሎ የመጣውን ዕቃ ሁሉ ማሆጋኒ ያስመስለዋል። በራችንን የፈታልን ሽማግሌ አናጢ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ቀይ ቢጨመርበትስ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ዋንዛን ማሆጋኒ ካልሆንህ ብሎ ማስጨነቅ ምን ይባላል? የራሱ ቀይ መች አነሰው!» ብለው ብሩሹን ከቀለም የለሹ ጣሳ ነክረውታል። እኔም ከዚያ ወዲህ የምለው ይህንኑ ነው። ማቅለሚያ የሚያስፈልገው ከሁለት የተለያዩ እንጨቶች የተሠራ አንድ ዕቃ ሲኖር፣ ማለትም ፊቱ ዋንዛ ሆኖ ጎኑ ኮምፔንሳቶ ሲሆንና ልዩነቱ ዓይን ሲወጋ ነው።

ወደ ወለሉ እንምጣ። በጎንደር ቤቶች ውስጥ ብዙ ዓይነት ወለል በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራል፤ ሳሎኑ የጣውላ ወይም የቴራዞ፣ ጓዳው የሊሾ፣ በኋላ የተቀጠለው ክፍል ደግሞ የሴራሚክ ነው። የጣውላ ወለል በሰም እየታሸ የኖረ ከሆነ ከሰሙ የተነሣ ቀልቷል፤ ቀለሙም ከዋንዛው በር ጋር ሊስማማም ሊጣላም ይችላል። እዚህ ላይ የምከተለው አንድ መመሪያ አለኝ፤ ሁለት እንጨቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ወይ በትክክል አንድ ዓይነት መሆን፣ ወይም ልዩነታቸው ከሩቅ የሚታይ መሆን አለበት። ሊመሳሰሉ ሞክረው ያልተሳካላቸው የሚመስሉ ሁለት ቡናማዎች ከሁሉም የከፉ ናቸው፤ ተመልካቹ አንዱ ያረጀ ወይም የቆሸሸ ነው ብሎ ያስባል። ከዋንዛ ቡፌ ሥር የሚነጠፍ ላሚኔት የዋንዛን ቀለም ለማስመሰል የታተመ ከሆነ አልመክረውም፤ ከዋንዛው ሁለት ደረጃ ያህል የነጣ፣ ነገር ግን ያው ሞቅ ያለ ቀለም ያለው ይሻላል። ድምቀታቸው ይለያይ፣ ወገናቸው ግን አንድ ይሁን።

ነባሩ ወለል ሊለወጥ የማይችል ከሆነና ከቡፌው ጋር ከተቀራረበ መፍትሔው ስጋጃ ነው። ስጋጃው በወለሉና በእንጨቱ መካከል ገብቶ ሁለቱ በቀጥታ እንዳይነካኩ ያደርጋል፤ ቡፌው ሥር ሙሉ በሙሉ መግባት ግን የለበትም፤ የፊት እግሮቹን ብቻ ቢይዝ ይበቃል። ስለ ቴራዞ ብዙ የምለው የለኝም፤ በውስጡ የተበተኑት ጠጠሮች ብዙ ቀለም ስላላቸው ከሞላ ጎደል ከማንኛውም እንጨት ጋር ይስማማል፤ አፍርሶ በሴራሚክ መተካት ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ተፍቆ ሲወለወል የሚወጣውን መልክ ያላየ ሰው ይቸኩላል።

ላሚኔት ለሚያነጥፍ ሰው ስለ ቡና ማሰብ ግዴታ ነው። ቄጤማ ከነእርጥበቱ ተጎዝጉዞ ሰዓታት ሲቆይ ውኃው በመጋጠሚያዎቹ ሰርጎ ጠርዙን ያሳብጠዋል፤ ከምድጃው የሚፈናጠር ፍምም በላዩ ላይ የማይጠፋ ጥቁር ነጥብ ይተዋል። ረከቦቱ ዘወትር የሚቀመጥበት ማዕዘን ካለ እዚያ ላይ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ያህል ሴራሚክ ወይም ሊሾ መተው የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ እንዲያውም በሁለቱ ወለሎች መገናኛ ላይ ከበሩ እንጨት ጋር አንድ የሆነ ጠባብ ሳንቃ ቢገባ ማዕዘኑ ታስቦበት የተሠራ ይመስላል። የክፍል ደፍም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ወለል የሚገናኝበትን ደፍ ከአሉሚኒየም ይልቅ ከበሩ እንጨት ማሠራት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ለዓይን ግን ብዙ የሚከፍል ሥራ ነው። በነገራችን ላይ፣ ላሚኔት በክረምትና በበጋ መካከል ስለሚለጠጥና ስለሚኮማተር በግድግዳው ዙሪያ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሊተውለት፣ ካርቶኑም ከመነጠፉ በፊት ቢያንስ 48 ሰዓት እዚያው ክፍል ውስጥ ሊቆይ ይገባል።

ከወለሉ በኋላ ወደ ቀለም አልሄድም፤ ወደ ብርሃን ነው የምሄደው። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ አብዛኛውን ዓመት ቀትር ላይ በደቡብ በኩል ነው የምትታየው፤ በታኅሣሥ ከአድማስ 54 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል ብርሃኗ በደቡብ መስኮት ገብቶ ወለሉ ላይ ይተኛል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባለው ጊዜ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ነገር ግን የዚህ ጊዜ ግማሹ ክረምት ስለሆነ ሰሜን ፊት ለፊቱ የሆነ ክፍል ከዚህ ብዙ አያተርፍም። ውጤቱ ይህ ነው፤ ወደ ሰሜን የሚከፈት ሳሎን አብዛኛውን ዓመት የሚያገኘው ከሰማይ የሚንጸባረቅ ቀዝቃዛና ሰማያዊነት ያለው ብርሃን ሲሆን፣ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የሚከፈተው ግን ቢጫውን ጠግቦ ያገኛል። አንዱ ጎረቤት ቤት ያማረ ክሬም በሌላው ቤት ሽሮ የሚመስለው፣ ወይም የአንዱ ነጭ በሌላው ዘንድ የሆስፒታል ኮሪደር የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌሊቱ ደግሞ የአምፖል ነው። በካርቶኑ ላይ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የተጻፈበት አምፖል ቢጫ ብርሃን፣ 4000 የተጻፈበት መካከለኛ፣ 6500 የተጻፈበት ደግሞ ሰማያዊ ያዘለ ነጭ ብርሃን ይሰጣል። በከተማችን ባለሱቆች ያለ ጥያቄ የሚሰጡት የመጨረሻውን ነው፤ «ይሄ ነው ደህና የሚያበራው» ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ለመርፌ ክር ለማስገባት ደህና ያበራል። በዋንዛ ላይ ሲወድቅ ግን ቀዩን አደብዝዞ እንጨቱን አመድ የነሰነሱበት ያስመስለዋል። ከኬልቪኑ ሌላ አምፖሉ የዕቃን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚናገር ሲአርአይ የሚባል ቁጥር አለ፤ 80 የተለመደው ሲሆን 90ና ከዚያ በላይ የሆነው የተሻለ ነው፤ ዝቅተኛ ቁጥር ያላቸው አምፖሎች ከሁሉ ይልቅ የሚበድሉት ቀይን ነውና ዋንዛና ጽድ ያለበት ቤት ለዚህ ቁጥር ሊጠነቀቅ ይገባል። ብዙ ሰው ቀለም ሊለውጥ የተነሣበት ሳሎን ሦስት አራት አምፖል በመለወጥ ብቻ ሊስተካከል ይችላል ብል የቀለም ነጋዴዎች አይቀየሙኝ።

አሁን ግድግዳው። ሚሼል ዩጂን ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በፓሪስ የጎብለን የጌጥ ሽመና ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ፣ ጥቁሩ ክር ጥቁረት ጎደለው የሚል አቤቱታ ቀረበለት። መርምሮ ያገኘው ግን ጉድለቱ ከማቅለሚያው ሳይሆን ከጥቁሩ አጠገብ ከሚሸመኑት ቀለማት መሆኑን ነበር፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1839 አሳተመ። ማንኛውም ቀለም አጠገቡ ያለውን ከራሱ ያርቀዋል። ሰማያዊ ያዘለ ነጭ ግድግዳ ዋንዛውን ወደ ብርቱካንማነት ይገፋዋል፤ ዋንዛው በበኩሉ ግድግዳውን ይበልጥ ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ደህና የነበሩ፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ይጣላሉ። ቀዩን ማብረድ የሚፈልግ ሰው ለእንጨቱ የቀረበ ሞቅ ያለ ቀለም፣ ለምሳሌ ቡላማ ወይም ቡናማ ጠብታ ያለበት ክሬም ይምረጥ። ቀዩ እንዲጎላ የሚፈልግ ደግሞ የቀይ ተቃራኒ አረንጓዴ ስለሆነ ደብዘዝ ያለ፣ ግራጫ የተቀላቀለበት የወይራ ቅጠል አረንጓዴ ቢቀባ ዋንዛው ከግድግዳው ወጥቶ ይታያል። ለዝግባና ለፈረንጅ ጽድ ቢጫነት ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጠው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው፤ እኔ ግን ሰማያዊን ለመኝታ ቤት እንጂ ለሳሎን አልመክርም፤ ይህ የግል ጣዕም ነው።

ጥሩ የቀለም ካርድ ከእያንዳንዱ ቀለም ጀርባ ያ ቀለም የሚመልሰውን ብርሃን ከ0 እስከ 100 የሚለካ ቁጥር ያስቀምጣል። ጠቆር ያለ እንጨትና ትንንሽ መስኮት ያለው ነባር ቤት ውስጥ ከ60 በታች የሆነ ቁጥር በአራቱም ግድግዳ ላይ ከዋለ ክፍሉ ይጨልማል፤ ወይራማውን አረንጓዴ ቡፌው የቆመበት ግድግዳ ላይ ብቻ አድርጎ ሌሎቹን በክሬም መተው ይሻላል።

የጎንደር ሰው ይህን ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የፋሲል ግቢ አብያተ መንግሥት ግድግዳ በኖራ የተያያዘ ጠቆር ያለ ቡናማ ድንጋይ ሲሆን፣ የበርና የመስኮቱ ቅስት ቀላ ባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተከበበበት ቦታ ብዙ ነው። በሩ ከሩቅ ይለያል፣ ነገር ግን ከግድግዳው ጋር አይጣላም፤ ሁለቱም ሞቃት ከሆነው ወገን ናቸውና። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥም ጣሪያውን የሞሉት የመላእክት ፊቶችና በግድግዳው ላይ ያሉት ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለማት ከጠቆረው እንጨት ጋር ተዋሕደው የሚኖሩት በመካከላቸው የሚያብረቀርቅ ነጭ ስለሌለ ይመስለኛል። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን በፒያሳ የሠራቸው ሕንፃዎች የሚታወቁበት ቢጫማ ቀለም እንኳ ከዚያው ወገን ነው። ይህች ከተማ በግራጫ የማታምር ከተማ ናት ብል አልተጋነነም።

ግራጫው አስቀድሞ ወለሉ ላይ ከዋለስ? አክስቴ በማራኪ በኩል ያሠሩት ቤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሳሎኑ ወለል 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሚያብለጨልጭ ፈዛዛ ግራጫ ፖርሰሊን፣ ግድግዳው በረዶ መሳይ ነጭ፣ አምፖሉ 6500 ሲሆን፣ በመካከሉ ከእናታቸው የወረሱት የዋንዛ ቡፌ ከሌላ ቤት ተሳስቶ የገባ ይመስል ነበር። ቡፌውን ሊሸጡት አስበዋል። «ታዲያ ወለሉን አፍርሰህ ልታሠራው ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡ። «የለም እትዬ፣ ወለሉን አይንኩት፤ ቡፌውንም አይሽጡት፤ የሚለወጠው በመካከላቸው ያለው ነው» አልኳቸው። አምፖሉ ወደ 3000 ወረደ፤ ግድግዳው በጥቂት ቡናማና በጥቂት ቢጫ የተበጠበጠ፣ ነገር ግን ቢጫ የማይባል ነጭ ተቀባ፤ ከቡፌው ፊት ቀይ ዳማ የሱፍ ስጋጃ ተነጠፈ። ከሁሉ ይልቅ ያገዘው ወለሉ ራሱ መሆኑ ነው፤ የሚያብለጨልጭ ወለል የግድግዳውን ቀለም ስለሚዋስ ግድግዳው ሲሞቅ ግራጫው ፖርሰሊንም አብሮ ሞቀ። ደብዛዛ ፖርሰሊን ቢሆን ኖሮ ሥራው ይከብድ ነበር። እትዬ አሁንም ግድግዳው «ትንሽ ጠቆረ» ይላሉ፤ ቡፌውን ለመሸጥ ግን አላነሡትም።

ስለ በር መቃን፣ በግድግዳው ግርጌ ስለሚዞረው ዞኮሎና ስለ ኮርኒስ በአጭሩ። መቃኑ ደህና እንጨት ከሆነ እንጨት ሆኖ ይቅር፤ አንጓ የበዛበት፣ የተሰነጣጠቀና በስቱኮ የተሞላ ባሕር ዛፍ ከሆነ ግን ያለ ጸጸት በዘይት ቀለም ይቀባ፤ ያን ጊዜ ከግድግዳው አንድ ደረጃ የጠቆረ ያው ቀለም ይበቃዋል። ዞኮሎው ወለሉን መከተል ያለበት ወለሉ ሴራሚክ ሲሆን ነው፤ ወለሉ እንጨት ከሆነ የበሩን መቃን ቢከተል መስመሩ ሳይቋረጥ ይዞራል። ኮርኒሱን ደማቅ ነጭ ማድረግ የተለመደ ቢሆንም፣ ዕጣንና ከሰል በማይለይበት ቤት ቶሎ ይቢጫል፤ የግድግዳውን ቀለም በእጥፍ ነጭ አቅጥኖ ኮርኒሱን መቀባት ጭሱንም ይሸፍናል፣ ጣሪያውንም ከእንጨቱ ጋር ያስታርቃል። ለግድግዳ ደብዛዛ ቀለም እመርጣለሁ፤ የሚያብረቀርቀው ለማጠብ ቢመችም የልስኑን ጎድጓዳና እብጠት ሁሉ ያጋልጣል፤ ከዚህም በላይ ብርሃን የመመለስ ሥራ ለቫርኒሹ ቢተው እንጨቱ ይታያል።

ቀለሙን በግድግዳው ላይ በቀጥታ አትሞክሩ፤ የቀድሞው ቀለም በዙሪያው ስለሚኖር ዓይን ይሳሳታል። አንድ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ነጭ ከተቀባ በኋላ የተመረጠው ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባበትና በቡፌው ጎን ቀጥ ብሎ ይቁም፤ የታችኛው ጠርዙ ወለሉን ይንካ። ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላና ማታ አምፖል በርቶ ይታይ፤ ደመናማ ቀን ካለም ይጨመር። በጠዋት ብርሃን ያማረው ክሬም ማታ ሥጋ መሳይ ሮዝ ሆኖ ከተገኘ ቀዩ ከልክ አልፏል ማለት ነው፤ ባለሱቁ ቀዩን ቀንሶ እንደገና ይበጥብጥ። ርዝመቱ 5፣ ወርዱ 4፣ ከፍታው 2.8 ሜትር የሆነ ሳሎን የበርና የመስኮቱ ቦታ ሲቀነስ ከ42 ካሬ ሜትር ያልራቀ ግድግዳ ይኖረዋል፤ አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም በአንድ ቅብ 10 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን፣ ለሁለት ቅብ ከ8 እስከ 9 ሊትር ይበቃል። ይህንን ከሰፊ የዋንዛ በር ወይም ከ20 ካሬ ሜትር ወለል ዋጋ ጋር ያነጻጸረ ሰው ቀለሙ ለምን መጨረሻ ላይ እንደሚመረጥ በራሱ ይረዳዋል።

የውሳኔው ቅደም ተከተል እንዲህ ቢሆንም የሥራው ቅደም ተከተል ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ኮርኒሱ፣ ከዚያ ግድግዳው፣ ከዚያ ወለሉ፣ በመጨረሻ የበሩ ቫርኒሽ ይሠራል። አዲስ ልስን ከሆነ ከመቀባቱ በፊት አራት ሳምንት ያህል ይድረቅ። ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ከገባ በኋላ ያለው ጊዜ ለሁሉም ይመቻል፤ እንጨቱ ያበጠው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ቫርኒሹም በእርጥበት አይነጣም። ከተረፈው ቀለም ግማሽ ሊትር ያህል ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ዕቃ ይቀመጥ፤ የቀለሙ ቁጥርና የተበጠበጠበት ቀን በክዳኑ ላይ ይጻፍ፤ ቡፌው ሲጎተት የሚቧጥጠው ግድግዳ አይጠፋምና።